ማትሪክ ያላለፈው ተማሪ ምን ይዞ ይውጣ?

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልኩን ቀይሯል። ተማሪው በገዛ ትምህርት ቤቱ መፈተኑ ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተጓጉዞ፣ ስልኩን ከበር አስቀርቶ፣ ግቢ ውስጥ እያደረ ይፈተን ጀመር። ኩረጃው ሲቀንስ ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ተገለጠ። በዚያ ዙር ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው። ቢሆንም በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ585 ሺህ በላይ ልጆች ማለፊያውን ያገኙት 48,929 ናቸው።

ስለ እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ተብሏል። ስለ ኩረጃው ተወራ፣ ስለ መምህራን ብቃት ተወራ፣ በአንድ ዓመት ብቻ አንድም ተማሪ ስላላሳለፉት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶችም ተወራ። ብዙም ያልተወራላቸው የቀሩት ከ530 ሺህ በላይ ልጆች ናቸው። ከእነሱ የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያው፣ ማለትም በሪሜዲያሉ፣ ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። የተወሰኑት ቴክኒክና ሙያ ይገባሉ፣ የተወሰኑት በግል ደግመው ይፈተናሉ። የቀረው ግን በቀጥታ ወደ ኑሮ ነው የሚገባው። ሱቅ ይቆማል፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ወደ አባቱ እርሻ ይመለሳል። አንዷ ትዳር ትይዛለች፣ ሌላዋ ዓረብ አገር የሚልካት ኤጀንሲ ታፈላልጋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ይዘው የተመላለሱበት ትምህርት ለዚህ ኑሮ ምን አስታጠቃቸው?

አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመዘነው ስንት ተማሪ አሳለፈ ተብሎ ነው። ያላለፈው ምን ይዞ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መመዘን ያለበት በዚህም ጭምር ነው ባይ ነኝ። ያለፈውም ቢሆን እኮ ነገ ደመወዝተኛ፣ ተከራይ፣ ተዋዋይና ወላጅ መሆኑ አይቀርለትም። በፊዚክስ ዘጠና ያመጣ ልጅ የመጀመሪያ የሥራ ውሉን ሳያነብ ሲፈርም ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

እዚህ እንዴት ደረስን?

የኢትዮጵያ ትምህርት ከሥራ ጋር ተዋውቆ አያውቅም ማለት ስህተት ነው። ተግባረ ዕድ እና ንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈቱት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ከጣልያን መውጣት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ እርዳታ አጠቃላይ የሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። የደሴው ወይዘሮ ስሂን አንዱ ነበር። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከአልጀብራውና ከታሪኩ ጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ታይፕ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ እርሻና የቤት አያያዝ ይማር ነበር። በዚያ ዘመን የተማሩ አዛውንቶች ራሳቸው የሠሩትን ወንበር ዛሬም ይጠቅሳሉ። ያኔ ግን ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ልጅ ጥቂት ነበር፣ መንግሥት ቤትም ሥራ ይጠብቀው ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንገዱን 10ኛ ክፍል ላይ ለሁለት ከፈለው። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፍፍሉ ልክ ይመስላል። በልጁና በወላጁ ልብ ያኖረው ነገር ግን መርዝ ነበር፤ እጅ የሚጠይቅ ሙያ ሁሉ የወደቀ ሰው ማረፊያ ተደርጎ ተቆጠረ። ብየዳ የሚማረው ልጅ ሰፈር ውስጥ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ግን «ዲግሪ አለው» ይባልለታል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቀርም አመለካከቱ አብሮ አልቀረም።

በመሃሉ ፕላዝማ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉና ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት ይፈስ ጀመር። መምህሩ ማሽኑን ከፋች ሆነ። የገባውም ያልገባውም ተማሪ እኩል ተቀምጦ ይሰማል፣ ጥያቄ ያለው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ያንን የቀመሰ ትውልድ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል፤ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ መገልበጥ የጎላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ያለው ሥርዓተ ትምህርት የተነሣው ከትምህርት ማሻሻያ ፍኖተ ካርታው ነው። እርከኑን 6-2-4 አደረገው፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው። የሙያና ቴክኒክ ትምህርትም ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት እንዲመለስ፣ በ11ኛና 12ኛ ክፍል ግብርናን፣ ጤናንና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን የመሳሰሉ ዘርፎች እንዲሰጡ ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነው። መልካም ሐሳብ ግን አፍሪካ ውስጥ ከዚህ በፊትም ተሞክሮ ወድቋል፤ ለምን እንደወደቀ ሳያዩ ማለፍ ሌላ አሥር ዓመት ማባከን ነው።

መጋዝና መዶሻ ብቻውን አያድንም

ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ምሁር ጋናን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የማይወደድ ነገር ጻፈ። መንግሥታትና ለጋሾች፣ ወጣቱ ቢሮ ቢሮ የሚለው ትምህርቱ ቀለም ብቻ ስለሆነ ነው፤ እርሻና ሙያ ብናስተምረው ወደ እርሻና ሙያ ይሄዳል ብለው ያምኑ ነበር። ፎስተር ገልብጦ አየው። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ገበያው የሚከፍለው ለማን እንደሆነ አይቶ ነው የሚመርጠው። ጸሐፊው ከአናጺው የተሻለ ደመወዝ የሚያገኝ ከሆነ አናጺነት ያስተማሩትም ልጅ ጸሐፊ ለመሆን መፈተኑን አይተውም። ሃያ ዓመት ቆይቶ ጆርጅ ሳካሮፑሎስ እና ዊልያም ሎክስሊ ለዓለም ባንክ ኮሎምቢያና ታንዛኒያ ላይ ባደረጉት ጥናት የሙያ ትምህርት የተቀላቀለባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወጪያቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ተመራቂዎቻቸው ግን ሥራ ገበያ ላይ ከሌላው የተሻለ ዕድል አላገኙም።

የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት 8-4-4 የሚባለው ሥርዓት ዓላማው በግልጽ ተግባር ነበር፤ እንጨት ሥራው፣ ብረት ሥራው፣ እርሻው፣ የቤት አያያዙ ሁሉ ገባ። ወርክሾፕ የሚሠራው ግን ወላጅ ነበር። አቅም ያለው ሰፈር ሠራ፣ አቅም የሌለው ተማሪውን ስለ መላጊያ በጥቁር ሰሌዳ አስተማረ። መላጊያ ሳይዝ ስለ መላጊያ የተፈተነ ልጅ የያዘው ተጨማሪ የሚሸመደድ ነገር ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላ ከእነዚህ ትምህርቶች አብዛኞቹ እየተቀነሱ ሄዱ፣ ሥርዓቱም በሌላ መተካት ጀመረ።

ስለዚህ «ሙያ ይጨመር» የሚለው ጩኸት ሲሰማ ሦስት ነገር መጠየቅ ያሻል። መሣሪያው አለ ወይ? ሙያውን በእጁ የሚያውቅ መምህር አለ ወይ? አካባቢው ለዚያ ሙያ ይከፍላል ወይ? ሦስቱም ካልተሟሉ ዘርፉ በስም ብቻ ይኖራል። መንግሥት በየወረዳው ሙሉ ወርክሾፕ እስኪሠራ ከመጠበቅ፣ ያሉት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከሰዓት በኋላ ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በራቸውን ቢከፍቱ ይረክሳል። ኮምፒውተሩም፣ የብየዳ ማሽኑም፣ አሠልጣኙም እዚያው አሉ።

የሕይወት ትምህርት የት አለ?

ብዙ ሰው ልጆችን ለኑሮ ማዘጋጀት ሲባል «የሕይወት ክህሎት» የሚል አዲስ የትምህርት ዓይነት ይታየዋል። እኔ እፈራዋለሁ። አዲስ ትምህርት መጣ ማለት አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ መምህርና አዲስ የሚቸከል ማስታወሻ መጣ ማለት ነው። ያሉት ትምህርቶች ውስጥ ያለውን ብናወጣ ይበቃናል። ገንዘብን ላንሣ፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

አንዲት ወጣት በግል ድርጅት በወር 10,000 ብር ደመወዝ ተቀጠረች እንበል። እጇ ላይ ስንት ይገባል? በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይከፈልበታል። ሲደመር 300፣ 600 እና 750፣ በጠቅላላው 1,650 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 7,650 ነው። አሠሪዋ ደግሞ በበኩሉ 11 በመቶ፣ 1,100 ብር፣ ለጡረታዋ መክፈል አለበት፤ አለመክፈሉን የምታውቀው ግን መጠየቅ እንዳለባት ካወቀች ነው። አሁን ደመወዟ 10,500 ሆነ። «እርከኑ ተቀየረ፣ ግብሩ ሊበላኝ ነው፣ ጭማሪው ይቅርብኝ» የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እውነቱ ግን 30 በመቶው የሚያርፈው በተጨመረው 500 ላይ ብቻ ነው፤ 150 ብር ግብርና 35 ብር ጡረታ ተቆርጦ 315 ብር ይተርፋታል። ይህ ሁሉ ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። መምህሩ የሚያስፈልገው አንድ የደመወዝ መክፈያ ቅጽ ብቻ ነው።

ዕቁብንም እንውሰድ። ሃያ ሰው በወር ሺህ ሺህ ብር ይጥላል፣ በየወሩ 20,000 ብር ለአንዱ ይወጣል። ዋጋ በየወሩ 1 በመቶ ቢጨምር የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው 20,000 ብር በመጀመሪያው ወር ዋጋ የሚገዛው ወደ 16,550 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ግን ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው። ይህ ተማሪዎች በ12ኛ ክፍል ከሚሸመድዱት የጂኦሜትሪክ ቅደም ተከተል የተለየ ነገር የለውም። ዕቁብ ይጎዳል ማለቴ አይደለም፤ ባንክ ብድር ለማይሰጠው ሰው ዕቁብ ሱቅ ከፍቶለታል፣ ልጁን ድሮለታል። ግን ለምን ዕጣ መሸጥና መግዛት እንደተለመደ፣ ለምንስ የመጀመሪያው ዕጣ ውድ እንደሆነ ልጆቹ በራሳቸው ስሌት ሲደርሱበት ሒሳብ የሚባለው ነገር ከእናታቸው መቀነት እንዳልራቀ ያያሉ።

ሦስተኛው ምሳሌ ዱቤ ነው። ስልኩ በእጅ በእጅ 20,000 ብር ነው፤ ካልቻልክ በወር 2,500 እየከፈልክ በአሥር ወር ጨርስ ይባላል። ልጁ 5,000 ብር ብቻ የጨመረ ይመስለዋል፣ «25 በመቶ ነው» ይላል። ዕዳው ግን በየወሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ ወለዱ በቀረው ዕዳ ላይ ሲሰላ በወር ከ4 በመቶ፣ በዓመት ከ50 በመቶ በላይ ይወጣል። ባንክ ይህን ያህል ቢጠይቅ ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብድር ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ሰው ሳያማክር፣ ማንም ሳያየው መበደር ይችላል። ወለዱን ማስላት የሚያውቅ ልጅ ቢያንስ እያወቀ ይበደራል። ኢኮኖሚክስ ደግሞ በ11ኛና 12ኛ ክፍል የሶሻል ተማሪ ትምህርት ነው፤ ናቹራል የመረጠው ልጅ ደመወዝ አይቀበልም፣ አይበደርም የተባለ ይመስል።

ከገንዘብ ቀጥሎ ሕግ አለ። የዜግነት ትምህርት ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ሦስቱ የመንግሥት አካላት ብዙ ያስተምራል። 18 ዓመት በሞላ ማግስት የሚመጣው ነገር ግን ፊርማ ነው። በኢትዮጵያ ሥራ ለመቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል፣ ዋስ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም ጓደኛ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስ የሚሆነው ሰው እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህችን አንዲት ነጥብ አለማወቅ ስንቱን ወጣት ለማያውቀው ዕዳ አጋልጦታል! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ፣ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳያልፍ፣ የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን እንዲሆን ይላል። ስድስት ወር «በሙከራ ላይ ነሽ» እየተባለች በግማሽ ደመወዝ የምትሠራ ልጅ ይህን ብታውቅ ቢያንስ ትጠይቃለች። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ አከራዩም በቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ እንዳይጠይቅ አድርጓል። ደላላው ይህን አይነግራትም።

እነዚህን ሕጎች ማሸምደድ አይጠቅምም፤ ሕግ ይቀየራል። የሚጠቅመው እውነተኛ ውል ክፍል ውስጥ አምጥቶ ማንበብ ነው። የሥራ ውል፣ የኪራይ ውል፣ ከኤጀንሲ የመጣ የውጭ አገር ሥራ ውል። «ይህ ዐረፍተ ነገር ማንን ይጠቅማል? የጠፋው ምንድን ነው? ካልተስማማሽ የት ትሄጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደው ፓስፖርታቸው የተያዘባቸው እህቶቻችን ብዙዎቹ የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሚል አያውቁም ነበር።

እዚህ ላይ ቋንቋው እንቅፋት ይሆናል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ግን በእንግሊዝኛ ጥያቄ መጠየቅ አይችልም፣ መምህሩም ብዙ ጊዜ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ነው የሚያስረዳው። ውጤቱ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። እንግሊዝኛው አልተቻለም፣ በራሱ ቋንቋም ልጁ ሁለት ገጽ ማመልከቻ አደራጅቶ መጻፍ አልተማረም። ቀበሌ ሄዶ አቤቱታ የሚያስጽፈው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው በተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ነው። የ12ኛ ክፍል ትምህርቱ ማመልከቻ የማያስጽፈው ከሆነ ችግሩ የተማሪው ብቻ ሊሆን አይችልም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ክፍለ ጊዜ ግጥም መተንተኑ ይቅር አልልም፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ቅሬታ መጻፍ፣ የድርድር ደብዳቤ መመለስ ግን አብረው ይግቡ።

ፈተናው እስካልተነካ

ከላይ ያልኩት ሁሉ አንድ ግድግዳ ላይ ይጋጫል። መምህሩ «ይህ ማትሪክ ላይ አይመጣም» ይለዋል፣ ተማሪውም እንደዚሁ። እውነታቸውን ነው። በ600 ነጥብ የሚታሰብ፣ ስድስት ትምህርት ያለው፣ ምርጫው ሁሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሆነ ፈተና አለ፤ አራት ዓመቱ በሙሉ ወደ እሱ ነው የሚሮጠው። ይህ እስካለ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ጥሩ ነገር በፈተናው ወር የሚጣል ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ግን ፈተናው ውስጥ በር አለ። አፕቲትዩድ የሚባለው ክፍል ከማንኛውም መጽሐፍ ያልወጣ፣ ማሰብን የሚለካ ነው ይባላል። እዚያ ላይ የባንክ መግለጫ አቅርቦ ማስላት፣ የኪራይ ውል አቅርቦ ማንበብ፣ ግራፍ ያለው የዜና ዘገባ አቅርቦ የትኛው ድምዳሜ ከቁጥሩ እንደማይወጣ መጠየቅ የሚከለክል ነገር የለም። ተማሪዎች በኦንላይን መፈተን ከጀመሩበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ዓይነት ጥያቄ ማዘጋጀት ከበፊቱ ቀሏል። አንድ ዓመት አምስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ቢመጡ በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ ቱቶሪያል ቤቶች ሁሉ ውል ማንበብ ሲያስተምሩ ይታያሉ። ለፈተና ያለንን ፍቅር ለመልካም መጠቀም ማለት እንዲህ ነው።

ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረችው አንድ ልማድ አለ። ልጆች በ15 እና በ16 ዓመታቸው አካባቢ፣ በሁለት ትላልቅ ፈተናዎች መሃል፣ አንድ የሽግግር ዓመት መውሰድ ይችላሉ። በዚያ ዓመት የሥራ ቦታ ይሄዳሉ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራሉ፣ ቴአትር ያዘጋጃሉ፣ ትንሽ ንግድ ይሞክራሉ። ደቡብ ኮሪያ በፈተና ጭንቀት የምትታወቅ አገር ሆና ሳለ ከዚህ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2016 በሁሉም መካከለኛ ትምህርት ቤቶቿ ፈተና የሌለበት አንድ መንፈቅ አስገብታለች።

እኛ ሙሉ ዓመት ልናውል አንችልም። ግን ያለንን እንቁጠር። ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን በሺፍት ነው የሚሠሩት፤ ተማሪው ግማሽ ቀን ቤቱ ወይም መንገድ ላይ ነው። ክረምቱ ደግሞ ሁለት ወር ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በክረምቱ ሦስት ሳምንት ጋራዥ፣ ፋርማሲ፣ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ሆቴል ወጥ ቤት ውሎ ያየውን ቢጽፍና በክፍሉ ፊት ቢያቀርብ ወጪው የማስተባበር ብቻ ነው። ሕጉም መስመሩን አስምሮታል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለባቸውም፣ የሌሊት ሥራና አደገኛ ሥራም የተከለከለ ነው። ሴት ልጆችን በተመለከተ ትምህርት ቤቱ ቦታውን አስቀድሞ ማየትና አንድ ኃላፊ መሰየም ግዴታው መሆን አለበት፤ ያለዚህ እኔ ራሴ ልጄን አልልክም።

ገጠር ውስጥ «ልጁ እርሻውን ያውቀዋል፣ ምን ያያል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ማረስ ያውቃል። የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የጎተራውን ብክነትና የገበያውን ልዩነት ቁጥር አድርጎ አስልቶ የትኛው ሰብል እንደሚያዋጣ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከባዮሎጂና ከሒሳብ መምህሩ ጋር ቢሠራው አባቱም ያዳምጠው ይሆናል።

አማካሪ የሚባለውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ጋይዳንስ ቢሮ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፣ ያላቸውም ባለሙያው ያረፈደ ተማሪ ሲቀጣ ነው የሚውለው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው በጓደኛ ወሬ ነው። ቢያንስ ከትምህርት ቤቱ ከአምስት ዓመት በፊት የወጡ ልጆችን፣ ያለፉትንም ያላለፉትንም፣ በዓመት አንድ ቀን መጋበዝ የማንንም በጀት አይነካም። ክበቦቹም እንዲሁ። ሚኒ ሚዲያው የጠዋት መዝሙርና ጥቅስ ከማሰማት አልፎ የራሱን ገንዘብ አሰባስቦ፣ ገቢ ወጪውን መዝግቦ፣ ኦዲት ቢቀርብበት ልጆቹ ሲያድጉ ዕድርና ኅብረት ሥራ ማኅበር መምራት አይከብዳቸውም። የተማሪ ተወካይ በምርጫ የሚመረጥ ከሆነ ደግሞ በእውነት ይመረጥ፤ መምህሩ የሚሰይመው አለቃ ልጆቹን የሚያስተምራቸው ነገር ቢኖር ምርጫ ለስም እንደሆነ ነው።

ይህ ሁሉ መምህሩን የሚጠይቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስልሳና ሰባ ተማሪ የያዘ፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር «አዲስ ዘዴ» ሲባል ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም። ስለዚህ የሚጨመርለት ሥልጠና ለሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ስላይድ ማየት ከሆነ አይበጅም። የተዘጋጀ ነገር ይሰጠው፤ ለእያንዳንዱ የሒሳብ ምዕራፍ ሁለት ከኑሮ የተወሰዱ መልመጃዎች፣ ለቋንቋ መምህሩ አሥር እውነተኛ ሰነዶች፣ ለዜግነት መምህሩ የአካባቢው ፍርድ ቤት በር። ትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ያሳትማል፤ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ይይዛል፤ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በየክልሉ የትኛው ሙያ ሰው እንዳጣ ለ10ኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ቋንቋ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያወጡ ብዙ ሺህ ልጆች የሚመርጡትን እያወቁ ይመርጣሉ።

ወላጆችም ድርሻ አለን። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» በሚቀጥለው ስብሰባ ከዚያ ጥያቄ ጋር እነዚህንም ይጠይቁ፦ ቤተ ሙከራው በዚህ መንፈቅ ስንት ቀን ተከፈተ? ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ማመልከቻ ጽፈው ያውቃሉ? አምና ካላለፉት ልጆች መሃል ዛሬ የት እንዳሉ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ስንቱን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለ ርእሰ መምህሩ መዝገብ እንዲከፍቱ እዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ ያስጽፉ።